ስም ቆሻሻ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ቪዲዮ ላኩልኝ። የድሮ ሸክላ እንደምሰበስብ ስለሚያውቁ ደስ ይለዋል ብለው ነው። ቪዲዮው ላይ አንድ ልጅ ጓንት አጥልቆ፣ የሸክላ ሽፋን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ ጥጥ አልኮል ውስጥ እየነከረ ካርቶኑን ያሸዋል። ከኋላ ለስለስ ያለ ክራር ይሰማል። ጥጡ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ ቡኒ፤ ቀጥሎ ሰማያዊ። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈልና በግራ «በፊት»፣ በቀኝ «አሁን» ይላል። በቀኝ ያለው ሽፋን ቦግ ብሏል። የላኩልኝ ሰዎች ሁሉ «እጁ ይባረክ» ብለውታል።

እኔ ግን ሰማያዊው ጥጥ ላይ ተቸነከርኩ። አቧራ ሰማያዊ አይደለም። የሲጋራ ጭስም፣ የኩሽና ጥቀርሻም ሰማያዊ አይደሉም። ሰማያዊ የእስክሪብቶ ቀለም ነው። ቪዲዮውን አቁሜ «በፊት» የሚለውን ጎን አጎላሁት። ጥጉ ላይ የሰው ስም ተጽፏል፤ ከስሙ ሥር ቀን አለ፤ ከቀኑ አጠገብ የአንድ ሙዚቃ ቤት ክብ ማኅተም። «አሁን» በሚለው ጎን ሦስቱም የሉም። ልጁ ከእድፉ ጋር ባለቤቱንም፣ ዘመኑንም፣ የተገዛበትንም ቦታ አብሮ ጠርጎ ጥሎታል። ያውም በነፃ፣ ያውም እየተመሰገነ።

በዚህ ነገር ዝም ማለት ሰልችቶኛል። የሸክላ ሽፋን ማጽዳት ማለት ያልታተመበትን ሁሉ ማጥፋት ነው የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው። ለኛ ሸክላዎች ደግሞ ከስህተትም በላይ ጥፋት ነው።

*

የሰውን ዓይን ጉድፍ ከማየቴ በፊት የራሴን ግንድ ላውጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ያ ልጅ እኔ ነበርኩ።

አክስቴ ጉለሌ ነው የምትኖረው። አልጋዋ ሥር፣ የብስኩት ካርቶን ውስጥ፣ አሥራ አንድ ሸክላ ነበራት። ማጫወቻው ከተበላሸ ዘመን የለውም፤ ሸክላዎቹ ግን እዚያው ነበሩ። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ካርቶኑ ከሥሩ ረጠበ። ደውላ ጠራችኝ። «ውሰድና አንድ ነገር አርጋቸው፤ ካልሆነ ለቆራሌው ነው የምሰጣቸው» አለች። አንስቼ ወደ ቤቴ በረርኩ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሳጸዳ ከረምኩ። ከመሀላቸው አንድ ትልቁ፣ ባለ 33 ዙር ሸክላ ነበር። (የዘፋኙን ስም አልናገርም፤ ነገ «ስንት ትላለህ» ብሎ የሚደውል አይጠፋም።) ሽፋኑ ወፍራም ካርቶን ነው። ጀርባው ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ሰባት ስሞች ከላይ ወደ ታች ተጽፈዋል። የእጅ ጽሑፉ የሰባት ሰው ነው። ስድስቱ ላይ መስመር ተሰርዟል። ልጆች የተጫወቱበት መሰለኝ። አልኮልና ጥጥ አነሳሁ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ስመልስላት መነጽሯን አደረገችና አንድ በአንድ አየቻቸው። «እሰይ! እንደ አዲስ!» እያለች። ትልቁ ጋ ስትደርስ ፊቱን አይታ ወዲያው ገለበጠችው። ትንሽ ቆየች።

«ጽሑፉስ?»

«የቱ ጽሑፍ?»

«ስሞቹ ናቸዋ።»

«አጸዳሁት እኮ፣ እትዬ።»

ያኔ ነው የነገረችኝ። ሸክላ በዚያ ዘመን እንደ ሰርግ ድስት ነበር አለች፤ ይዋሳሉ፣ ይመልሳሉ፤ ምልክት ካልተደረገበት ወጥቶ ይቀራል። ስለዚህ ለልደትም ለሰርግም የወሰደ ሰው በገዛ እጁ ስሙን ይጽፋል፤ ሲመልስ እሷ ትሰርዘዋለች። አምስተኛው ስም የታናሽ ወንድሟ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ ዘምቶ አልተመለሰም። ፎቶ አላት፤ ሁለት ፎቶ። ደብዳቤዎቹ ግን ቤት ሲቀየር ጠፍተዋል። የእጁ ጽሑፍ የቀረው እዚያ ካርቶን ላይ ብቻ ነበር።

አልተቆጣችኝም። «ምን ታደርግ፣ አላወቅክ» አለችና ቡና ልታፈላ ተነሳች። እኔን የቆረጠመኝ ያ «አላወቅክ» ነው። ማወቅ እችል ነበራ! አንድ ስልክ ደውዬ «እትዬ፣ ከጀርባው ያሉት ስሞች ምንድን ናቸው?» ማለት የሁለት ብር ጉዳይ ነበር። ያልጠየቅኩት መልሱ ቀድሞ ስለተሰጠኝ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያየሁት መመሪያ ሁሉ የእጅ ጽሑፍን ከእድፍ፣ ከሻጋታና ከዝንብ ኩስ ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር።

*

እንግዲህ ጸባችን እዚህ ላይ ነው፤ «ቆሻሻ» የምንለው ምኑን ነው?

የኔ መልስ ቀላል ነው። ሳይታሰብ የመጣና ካርቶኑን የሚበላው ነገር ቆሻሻ ነው። አቧራ ቆሻሻ ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ ሽፋኖች ሲፋተጉም እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይሞርዳል። ሻጋታ ቆሻሻ ነው፤ ካርቶን እንጨት ነውና ሻጋታ ምግቡ ነው። የቅባት አሻራ፣ የዘይት ፍንጣሪ፣ የኩሽና ጥቀርሻ፣ የበረሮ ኩስ፣ ሁሉም ቆሻሻ ናቸው። በነዚህ ላይ ምሕረት የለኝም።

ሰው አስቦ ያስቀመጠው ነገር ግን ቆሻሻ አይደለም። ስም፣ ቀን፣ «ለልደትሽ» የሚል ቃል፣ የሙዚቃ ቤት ማኅተም፣ የቡና ቤት ቁጥር፣ ከዘፈኖቹ ዝርዝር አንዱ ላይ የተደረገች ኮከብ። እነዚህ ሽፋኑ ላይ የተጨመሩ ናቸው፤ ሽፋኑን ግን አይበሉትም። ሃምሳ ዓመት አብረውት ኖረዋል፤ ሌላ ሃምሳም ይኖራሉ። የሚያስቸግሩት አንድን ነገር ብቻ ነው፤ ዋጋውን።

*

ዋጋውን ማን ተመነው? የሸክላ ገበያ ደረጃ የሚያወጣበት ሚዛን አለ። ጎልድማይን የሚባለው የአሜሪካ ሰብሳቢዎች መጽሔት ያስለመደው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ዲስኮግስም የሚሠራው በዚሁ ነው። «ሚንት» ማለት ማንም ያልነካው። «ኒር ሚንት» ማለት ያልተነካ የሚመስል። ከዚያ «ቬሪ ጉድ ፕላስ»፣ «ቬሪ ጉድ» እያለ ይወርዳል። በዚህ ሚዛን ሽፋን ላይ የተጻፈ ስም እንደ ቀዳዳና እንደ ውሃ እድፍ ጉድለት ሆኖ ነው የሚመዘገበው። የሚሻለው ሸክላ ማንም ያልሰማው፣ ማንም ያልወደደው፣ ማንም ለሰርጉ ያልተዋሰው ነው ማለት ነው።

ሚዛኑ ለተሠራበት አገር ምናልባት ይሠራ ይሆናል። አንድ የቢትልስ ሸክላ በሚሊዮኖች ታትሟል፤ የአንዱ ሽፋን ቢፋቅ ሌላው አለ። መቼ እንደወጣ፣ የት እንደታተመ፣ ማን ፎቶውን እንዳነሳ የሚናገር መዝገብም ሞልቷል። ስሙን ብታጠፋው ታሪክ አይጎድልም።

የኛስ? የኛ የሸክላ ዘመን በጣም አጭር ነው። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ያንን አጥር ጥሶ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሸክላዎቹ የሚታተሙት እዚህ አልነበረም፤ ድምፁ እዚህ ይቀረጽና ሸክላው መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላም እንደ ሊባኖስ ባሉ አገሮች ታትሞ ይመጣ ነበር። አሊ አብደላ ካይፋ ካይፋ ሪከርድስን ይዞ ተከተለ። ፊሊፕስም ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣ። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር ወጣ። የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አፈነው፤ ካሴት ደግሞ የሸክላን ቦታ ወሰደ። 1970ዎቹ ሳያልቁ ነገሩ አበቃ። ሲደመር ሲቀነስ አሥር ዓመት ገደማ ነው።

ከዚያ አሥር ዓመት የተረፈው የት ነው ያለው? አልጋ ሥር። ብዙዎቹ ሽፋኖች ላይ ዓመቱ እንኳ አልታተመም። የትኛው ዘፈን በየትኛው ወር ሰው ጆሮ እንደደረሰ፣ ደሴ ይሸጥ ወይስ አሥመራ፣ ቡና ቤት ይጫወት ወይስ ሳሎን፣ ይህን የሚነግረን አንዳንዴ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገዥው ሽፋኑ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈው ቀንና የሻጩ ማኅተም። «ታኅሣሥ 1965፣ ድሬዳዋ» ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው የታሪክ ጸሐፊ ሆኗል። ያንን በጥጥ ስታነሳው የምትፍቀው ብቸኛውን ሰነድ ሊሆን ይችላል።

እና ይህን ሁሉ የምናደርገው ለማን ብለን ነው? ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የኢትዮፒክስን ተከታታይ ሲያወጣ ዓለም ጆሮውን አቀና። በ2005 የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ላይ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ሲሰማ ደግሞ ፈላጊው በዛ። ዛሬ አንዳንድ ኦሪጅናል ሸክላ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ጥሩ ነው፤ ያኮራል። ግን ለሩቅ ገዥ ብለን ከገዛ ሸክላችን ላይ የገዛ ሰዎቻችንን ስም መፋቅ ምን ይባላል? እንግዳ መጣ ብሎ የአያቱን ፎቶ ከግድግዳ እንደሚያወርድ ሰው ነው።

*

የሸክላ ነጋዴዎች የሚሉኝን አውቃለሁ፤ ምናለሽ ተራ ላይ ቆመው ብለውኛል። «አንተ የምትወደው ስለምትወደው ነው፤ እኔ ልጆች አሉኝ። ስም ያለበትን ሲያዩ ዋጋ ይሰብሩብኛል።» እውነት ነው። ይሰብሩባቸዋል። ይህን ክርክር በአንድ ዐረፍተ ነገር አሽቀንጥሬ የምጥል ሰው አይደለሁም፤ ሸክላውን ከእሳት ያተረፈውም እኮ ነጋዴው ነው። እሱ ባይኖር ቆራሌው ከወሰደው በኋላ ሽንብራ ይጠቀለልበት ነበር።

ግን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በማጽዳት የሚጠፋው ዋጋስ? አልኮል እስክሪብቶውን ሲያነሳ አብዛኛውን ጊዜ የታተመውን ቀለም አንጸባራቂነትም ይዞት ይሄዳል፤ ስሙ የነበረበት ቦታ ደብዝዞ ይቀራል። ልምድ ያለው ገዥ ሽፋኑን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ያንን ነጭ ደመና ሲያይ «ተፍቋል» ብሎ ዋጋውን ከስሙ በላይ ይሰብረዋል። ሁለተኛ፣ ካልቀረ ለምን ፎቶ አይነሳም? መቶ ሸክላ ፎቶ ማንሳት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ስሙን ባታድነው ቢያንስ ምስሉን አድን። ይህን እንኳ የማያደርግ ሰው ችግሩ ድህነት አይደለም፤ ግድ የለሽነት ነው።

ደግሞ በሌላው በኩል የቆሙ አሉ፤ እነሱ ይብሱብኛል። «አትንኩት፣ ታሪክ ነው፣ ሽታው ራሱ ትዝታ ነው» የሚሉት። ካፌ ግድግዳ ላይ ሽፋኑን በሚስማር ሰቅለው፣ ፀሐይ እየመታው፣ ሻጋታው እያበበ፣ ከሥሩ ማኪያቶ የሚጠጡት። ወዳጆቼ፣ ሻጋታ ትዝታ አይደለም። በሽታ ነው፤ ለካርቶኑም ለሳንባችሁም። ፀሐይም ምሕረት የላትም፤ ከታተሙት ቀለሞች ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይጠፉና ዘፋኙ ሰማያዊ መንፈስ ሆኖ ይቀራል። የአክስቴን ሽፋኖች እንዳሉ ብተዋቸው ኖሮ ሰባቱን ስሞች አንድ ክረምት ይበላቸው ነበር። ማጽዳት ግዴታ ነው። የምጣላው ከማጽዳት ጋር አይደለም፤ ሳያዩ ከማጽዳት ጋር ነው።

*

ስለዚህ ከወቀስኩ አይቀር እንዴት እንደሚጸዳ ልናገር። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ፎቶ። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠርዙን፣ ውስጡን። ከዚያ ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ከጎን፣ ከካርቶኑ ጋር ሊነካካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ፊት ለፊት የማይታይ ነገር ሁሉ በጥላው ይነሳል፤ የእርሳስ ጭረት፣ የደበዘዘ ማኅተም፣ የተቀደደ ጠርዝ። ይህን ሳታደርጉ ምንም አትንኩ። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ደግሞ ጠይቁ። የኔን ስህተት አትድገሙ።

ሁለተኛ፣ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጡና ለብቻው አስቀምጡ። ከዚያ በደረቁ ጀምሩ። ለስላሳ ንጹሕ ብሩሽ (አዲስ የሜካፕ ወይም የሥዕል ብሩሽ ይሆናል) ይዛችሁ ከመሀል ወደ ውጭ ጥረጉ። ከዚያ ደረቅ የመነጽር ጨርቅ። አብዛኛው ቆሻሻ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሰው ትዕግሥት ስለሌለው ነው ውሃ የሚያነሳው።

ሦስተኛ፣ ላጲስ። ነጩን፣ ለስላሳውን። ሸካራው የእስክሪብቶ ላጲስ ወረቀቱን ይልጠዋል። ከቻላችሁ ላጲሱን በጥሩ ፍቃችሁ ፍርፋሪውን ሽፋኑ ላይ በትኑና በመዳፋችሁ በስሱ አንከባሉት፤ እድፉን ራሱ ይሰበስባል። ከዚያ በብሩሽ ጠራርጉ። መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሩ። ቀለም ከመጣ አቁሙ። ጽሑፍ ወዳለበት አትጠጉ፤ የእርሳስ ጽሑፍ ከሆነማ በሁለት እንቅስቃሴ ትጨርሱታላችሁ። የድሮ ሰዎች በዳቦ ልብ ያጸዱ ነበር፤ እውነትም ይሠራል፤ ግን የቀረችው ፍርፋሪ በረሮ ትጠራለች፤ ተዉት።

አራተኛ፣ እርጥበት፤ እሱም ለሁሉም አይደለም። ሽፋኑ ላይ ስስ ላስቲክ የተለበጠበት ከሆነ ብቻ ነው። ጠርዙን ብታዩት ላስቲኩ ትንሽ ተነስቶ ይታያል፤ ብርሃን ላይም እንደ መስታወት ያበራል። ጨርቁን በውሃ አርጥባችሁ እስኪበቃው ጭመቁት፤ የእጃችሁን ጀርባ ሲነካው ቀዝቀዝ ከማለት በቀር ማርጠብ የለበትም። ጥረጉ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። ጠርዝ ጋ አትድረሱ፤ እዚያ ካርቶኑ ራቁቱን ነው። ላስቲክ የሌለው ካርቶን ግን ውሃ ሲነካው ክሩ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ውሃው የቆመበት ጠርዝ ላይ ቡኒ መስመር ጥሎ ይሄዳል። ያ መስመር አይለቅም።

በረኪና? በፍጹም። ነጭ ያደርጋል፤ ግን የወረቀቱን ክር ይበጣጥሳል፣ ካቆማችሁም በኋላ ሥራውን አያቆምም። አሴቶንስ? የጥፍር ቀለምን የሚያነሳ ነገር የሽፋንን ቀለምም ያነሳል። ፀሐይ ላይ ማስጣትስ? ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ሻጋታ ካለ ቤት ውስጥ አትጀምሩ። ሽፋኑን ከሌሎቹ ለዩት፤ ነፋስ ያለበት ጥላ ሥር አቁማችሁ አድርቁት። እርጥብ ሻጋታ ከተነካ ይቀባል፤ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። ያኔ ማስክ አድርጋችሁ፣ ደጅ ወጥታችሁ፣ ከፊታችሁ በሚርቅ አቅጣጫ በብሩሽ አራግፉት። ጥላው ሊቀር ይችላል፤ ይቅር። ዋናው መልሶ እንዳይበቅል ነው። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ከሆነ መልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጉት። ሽታው አልለቅ ካለ ክዳን ያለው ትልቅ ዕቃ ውስጥ አቁሙትና አጠገቡ ቤኪንግ ሶዳ በሳህን አስቀምጡ፤ ሶዳው ካርቶኑን አይንካው። አንድ ሁለት ሳምንት ታገሱ።

የጧፍ ወይም የሻማ ጠብታ ካለ በጥፍር ጠርዝ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ጎኑ የተቀደደ ሽፋን ላይ ፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል። ነጭ ኮላ በስንጥር ቀብታችሁ፣ ኮላው ሌላ ነገር እንዳይዝ በላስቲክ ለይታችሁ፣ መጽሐፍ ጭናችሁ አሳድሩት። ድሮ የተለጠፈ ፕላስተር ካለ ደግሞ አትጎትቱት፤ የዘፋኙን ግማሽ ፊት ይዞ ነው የሚመጣው። ሲያልቅ ሸክላውን ከነሽፋኑ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ተደራርቦ የተኛ ሸክላ የታችኛውን ሽፋን ክብ አድርጎ ያትምበታል።

*

ሕጌ ሁሉን ይፈታል አልልም። የሚያቅቱኝ ነገሮች አሉ። የዋጋ ወረቀትስ? ሰው አስቦ የለጠፈው ነው፤ ግን ሙጫው ካርቶኑን ይበላል። እኔ የዘመኑ ዋጋ ከሆነ እተወዋለሁ፤ ትናንት የተለጠፈ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ ዝቅተኛ ሙቀት አለስልሼ ቀስ ብዬ እልጠዋለሁ። ልጅ የዘፋኙ ፊት ላይ የሣለው ጢምስ? ሳቄ መጥቶ ተውኩት። ትክክል መሆኔን አላውቅም። የባለቤቱ ቤተሰብ ራሱ «አጥፋልን፣ ማየት አንፈልግም» ያለ እንደሆነስ? ያኔ የኔ ሕግ ምንም አይደለም፤ ስሙ የነሱ ነው። እነሱ አውቀው ሊያጠፉት ይችላሉ። እኔና ያ ጓንት ያጠለቀው ልጅ ግን ሳናውቅ የማጥፋት መብት የለንም።

ሸክላዎቹ አሁንም አክስቴ ጋ ናቸው። አልጋ ሥር አይደሉም፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም እየሄድኩ አወጣቸዋለሁ፣ አናፍሳቸዋለሁ፣ በብሩሽ እጠርጋቸዋለሁ። ስለ ስሞቹ ድጋሚ አላነሳችብኝም።

ባለፈው መስከረም ግን መብራት ጠፍቶ በስልክ እያበራሁ ስሠራ፣ ብርሃኑ ከጎን መታውና የትልቁ ሽፋን ጀርባ ተንቀሳቀሰ። እስክሪብቶ ቀለም ብቻ አይተውም፤ ተጭኖ ሲጻፍበት ካርቶኑን ይሰረጉደዋል። አልኮል ቀለሙን እንጂ ስርጉዱን አያነሳም። ጠራኋት። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተንበርክከን፣ እኔ መብራቱን እያዘነበልኩ፣ እሷ እያነበበች፣ ከሰባቱ አራቱን አወጣን። አምስተኛው ጋ የመጀመሪያዋ ፊደል ትታያለች። ከዚያ በኋላ ያለው፣ እኔ ጠንክሬ ያሸሁበት ቦታ ነው።

ጣቷን ፊደሏ ላይ አድርጋ «እሱ ነው፤ በኃይል ተጭኖ ነበር የሚጽፈው» አለች።

ብሩሹን ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ።